ከሬዲዮ ሠሪ ጠረጴዛ የወጣ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ ፉለርተን፣ የብርቱካን እርሻ በከበባት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሥራ ያጣ የሒሳብ ሠራተኛ የሬዲዮ ጥገና ቤት ከፈተ። ሊዮ ፌንደር ይባላል። መነሻ ያደረገው 600 ዶላር ብድር እንደነበር ይነገራል። የተማረው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው፤ ልጅ ሳለ አንድ ዓይኑን አጥቶ በመስታወት ዓይን ይኖር ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተማረም። ኤሌክትሮኒክስን ግን ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ሬዲዮ እየፈታና እየገጠመ በራሱ ለምዶታል።

ወደ ቤቱ የሚመጣው ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ብቻ አልነበረም። የአካባቢው ሙዚቀኞች የጊታራቸውን አምፕሊፋየር ተሸክመው ይመጡ ነበር። ያኔ የኤሌክትሪክ ጊታር ገና ጨቅላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሎስ አንጀለስ ላይ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታር ገበያ ላይ አውለዋል፤ አሜሪካ በሃዋይ ሙዚቃ ያበደችበት ዘመን ነበርና። ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን ውስጡ ቢታይ ከሳሎን ሬዲዮ እምብዛም አይለይም። የሚለየው ኑሮው ነው። ሬዲዮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያረጃል፤ አምፕሊፋየር ግን ማታ ማታ መኪና ላይ ይጫናል፣ በኮረኮንች ይንገጫገጫል፣ ዳንስ ቤት ውስጥ ቢራ ይደፋበታል። ፌንደር የትኛው ሽቦ ቶሎ እንደሚበጠስ፣ የትኛው ዕቃ በሙቀት እንደሚቃጠል፣ የትኛው እጀታ እንደሚነቀል ያወቀው ከተበላሹት ነው።

በብዙ ሙያ መጀመሪያ ሠሪው ይመጣል፣ ጠጋኙ ይከተላል። እዚህ ግን ጠጋኙ ቀድሟል። ስመ ጥር የሆኑትን የጊታር አምፕሊፋየሮች የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሌላ ሰው ዕቃ ለመጠገን ከፍተው፣ ያዩትን ቀድተው፣ የቀዱትን ደግሞ ነካክተው የተነሡ ናቸው። ሲነሡም መሐንዲስ የሚባሉ ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ካቻቢቴና መበየጃ ገዝቶ የመጀመሪያውን አሮጌ አምፕ የሚከፍት ወጣት ከሙያው ዳር የቆመ ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን የፌንደርና የተከታዮቹ መንገድ ራሱ ይኸው ነው።

አምፑን ስለሚያሠራው ቲዩብ ጥቂት ሳይባል ወደፊት መሄድ አይቻልም። ቲዩብ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አለ፤ ከዚያ የሚፈልቁትን ኤሌክትሮኖች የሚቀበል ሌላ ብረት ከፊቱ ቆሟል፤ በመካከላቸው እንደ ወንፊት የሆነ ቀጭን የሽቦ መረብ አለ። ከጊታሩ የመጣው ደካማ ምልክት መረቡ ላይ ሲደርስ ትልቁን ፍሰት አንዴ ያጠበዋል፣ አንዴ ያሰፋዋል፤ በዚህም ትንሹ ትልቁን ያዝዘዋል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ በ1904 መረብ የሌለውን ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 መረቡን ጨመረ። ነገሩ መጀመሪያ የጠቀመው ሙዚቃን ሳይሆን ስልክን ነው። በ1915 ከኒው ዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ በስልክ መነጋገር የተቻለው በቲዩብ ማጉያ ነበር። በ1950ዎቹ የተሠራ የፌንደር አምፕ ውስጥ የተለጠፈችውን ወረቀት ያነበበ ሰው የአሜሪካን የስልክና የቴሌግራፍ ኩባንያን እና የዌስተርን ኤሌክትሪክን ስም የሚያገኘውም ለዚህ ነው፤ ዕቃው የተሠራው በእነርሱ የፈጠራ መብት ፈቃድ ነውና።

የሽቦው አቀማመጥም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። የቲዩብ ፋብሪካዎች ዕቃቸው እንዲሸጥ ስለሚፈልጉ አሠራሩን አይደብቁም ነበር። አርሲኤ የሚባለው ኩባንያ በየጊዜው እያደሰ በርካሽ ዋጋ ያሳትመው የነበረው የቲዩብ መምሪያ የእያንዳንዱን ቲዩብ ባሕርይ በቁጥርና በሥዕል ያስቀምጣል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ተሠርተው የሚሞከሩ ሰርኪዩቶች ይደረደራሉ። ሬዲዮ ሠሪው ሁሉ አንድ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ነበረው። ፌንደርም የጀመረው ከእንዲህ ያለው የተለመደ ንድፍ ነው። የእርሱ ብልኅነት ሌላ ቦታ ነበር፤ ሊጠገን እንዲችል አድርጎ መሥራት።

በ1945 ከዶክ ካፍማን ጋር ኬ ኤንድ ኤፍ የሚል አነስተኛ ድርጅት አቋቁሞ ጊታርና አምፕ መሥራት ጀመረ። ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ፤ ፌንደር በራሱ ስም ቀጠለ። የእነዚያን ዓመታት አምፕ ከኋላ የከፈተ ሰው የሚያየው ጥርት ያለ ነገር ነው። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በጠንካራ የፋይበር ሰሌዳ ላይ ተራ በተራ ተሰልፈዋል፤ አንዱን ለመንቀል ሌላውን መንካት አያስፈልግም። ሳጥኑ ውስጥ የትኛው ቲዩብ የት እንደሚሰካ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ የተመቱት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንደኛው የተሠራበትን ዓመት፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራሉ። አንዳንዴ ሻንሲው ውስጥ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ትገኛለች፤ ላዩ ላይ ያንን አምፕ በእጇ የበየደችው ሴት ስም በእርሳስ ተጽፏል። በፉለርተን ፋብሪካ የብየዳውን ሥራ በአብዛኛው ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮ ተወላጆች። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚያን ስሞች ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን የለውም፤ በጊዜው ግን ስሙ የሚጻፈው ስሕተት ቢገኝ የማን እንደሆነ ለማወቅ እንደነበር መገመት አይከብድም።

ታዲያ ጠጋኙ ሙያውን የት ይማር ነበር? ብዙው ከጦር ሠራዊት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን በሬዲዮና በራዳር ባለሙያ ሞላት፤ ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የትምህርት ወጪ ሲከፍል፣ በዋሽንግተን እንደነበረው እንደ ብሔራዊ የሬዲዮ ተቋም ያሉ በደብዳቤ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ጎረፈላቸው። በ1946 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሃዋርድ ሳምስ የሚባል ሰው ገበያ ላይ የዋለን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታ፣ ንድፉን እየሣለ፣ ፎቶ እያነሣ ለጥገና ቤቶች በፖስታ መላክ ጀመረ። ጠጋኝ ላልሆነ ሰውም በር ክፍት ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች ውስጥ የቲዩብ መፈተሻ ማሽን ይቆም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ የታመመበት አባወራ ቲዩቦቹን ነቅሎ፣ በወረቀት ከረጢት ይዞ ሄዶ፣ ራሱ ይፈትሻል፤ የሞተውን እዚያው ከማሽኑ ሥር ገዝቶ ይመለሳል። ለጊታር አምፕ ብቻ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብርቅ ነበር። ጃክ ዳር የሚባለው ጸሐፊ በ1965 ያሳተመው መምሪያ የብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ሆነ። ዳር እንደ ቀልደኛ ሬዲዮ ሠሪ እንጂ እንደ ፕሮፌሰር አይጽፍም፤ የሚናገረውም ጠረጴዛው ላይ የተበላሸ ዕቃ ለተቀመጠበትና ባለቤቱ ማታ ሥራ ላለበት ሰው ነው።

በዚህ መካከል ጠጋኞች እንደ ብልሽት የሚቆጥሩት አንድ ነገር ሙዚቃ እየሆነ መጣ። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ጥርት ያለው ድምፅ ይሻክራል፣ ይጎረብጣል። የአርሲኤ መምሪያ ይህን ለማስቀረት የሚረዳ ቁጥር የተሞላ ነው። በመጋቢት 1951 ግን የአይክ ተርነር ባንድ ከሚሲሲፒ ወደ ሜምፊስ ሲጓዝ የጊታር ተጫዋቹ የዊሊ ኪዛርት አምፕ ተጎዳ። ከመኪና ወደቀ የሚልም፣ ዝናብ ገባበት የሚልም አለ። ስቱዲዮ ሲደርሱ ስፒከሩ ይንጫረራል። ባለ ስቱዲዮው ሳም ፊሊፕስ የተቀደደውን የስፒከር ወረቀት በሌላ ወረቀት ወትፎ እንዳለ ቀዳው፤ ሮኬት 88 የተባለው ሸክላ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ያ የሻከረ ጊታር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሆን ብሎ ማበላሸት ተጀመረ። ጊታረኛው ሊንክ ሬይ በ1958 ለወጣው ራምብል የተባለ ዜማ ያንን ሻካራ ድምፅ ለማግኘት ስፒከሩን በእርሳስ በሳሳው። በ1964 የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የርካሽ አምፑን ስፒከር በምላጭ ተለተለው። የናሽቪሉ ታሪክ ደግሞ ለጠጋኝ ጆሮ የበለጠ ይጥማል። የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀዳ ስቱዲዮው መቆጣጠሪያ ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር ተበላሸና የግሬዲ ማርቲን ባስ ጊታር እንደ ተርብ ጮኸ። ሰዎቹ ተከራክረው ሸክላው እንዳለ በ1961 ወጣ። ትራንስፎርመሩ ጨርሶ ሲሞት ሌሎች ሙዚቀኞች ያንን ድምፅ አምጡልን ማለት ጀመሩ፤ የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራው። ጊታር ሠሪው ጊብሰን ገዝቶት በ1962 ማየስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ሸጠው። ጠጋኝ ብልሽትን እንዲያጠፋ ይከፈለዋል፤ ስኖዲ ብልሽትን በሳጥን አሽጎ ሸጠ።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቅጂ ተሠራ።

ጂም ማርሻል የከበሮ አስተማሪ ነበር። በ1960 በምዕራብ ለንደን ሃንዌል በሚባል ሰፈር የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ከፈተ። የከበሮ ተማሪዎቹ ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ገና ስም ያላወጣው ፒት ታውንሴንድ ነበረበት። ልጆቹ ባስማን የሚባለውን የአሜሪካውን የፌንደር አምፕ ይመኛሉ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በሱቁ ጥገና የሚሠራው ኬን ብራን ለምን ራሳችን አንሠራም የሚል ሐሳብ አመጣ። ኢኤምአይ በሚባለው ኩባንያ ተለማማጅ የነበረ ደድሊ ክሬቨን የሚባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አገኙ። አንድ ባስማን ከፊታቸው አስቀምጠው ሰርኪዩቱን ቀዱት። ያልሸሸጉት ቅጂ ነው፤ አምስት ኤፍ ስድስት ኤ በሚል ቁጥር የሚታወቀው የፌንደር ንድፍ ከሞላ ጎደል መስመር በመስመር ይገኝበታል። በ1962 ሱቁ ውስጥ ሲያሳዩት በአንድ ቀን 23 ትእዛዝ እንደመጣ ማርሻል ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበር። ስሙን ጄቲኤም 45 አሉት።

ሲሰማ ግን ፌንደር አይደለም። ምክንያቱ ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የተፈለገው መለዋወጫ ካልተገኘ ያለው ይገባል። የአሜሪካው ትራንስፎርመር ስላልነበረ ከሬዲዮስፔርስ መደብር የእንግሊዝ ትራንስፎርመር ተገዛ። በመግቢያው ላይ ባስማኑ የሚጠቀመው 12ኤዋይ7 የተባለ ረጋ ያለ ቲዩብ ሲሆን፣ የሃንዌል ሰዎች በቦታው ኢሲሲ83 ሰኩበት፤ የማጉላት ልኩ የመጀመሪያው አርባ ገደማ፣ የሁለተኛው መቶ ነው። ኋላ ኬቲ66 የሚባሉ ወፋፍራም የእንግሊዝ ቲዩቦች መጡ። አራቱ ባለ አሥር ኢንች የጄንሰን ስፒከሮች ጀርባው ክፍት ከሆነው ሳጥን ወጥተው፣ አራት ባለ አሥራ ሁለት ኢንች ሴሌስቲዮን ጀርባው በተደፈነ ሳጥን ውስጥ ገቡ። እያንዳንዷ ለውጥ ብቻዋን ትንሽ ናት። ተደምረው ግን ድምፁ ቶሎ የሚሻክር፣ ወፍራምና ቁጡ ሆነ፤ ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ማዮል ጋር በቀዳው አልበም የማርሻልን አምፕ ከፍቶ ሲለቀው የሮክ ጊታር ድምፅ ምን መሆን እንዳለበት ክርክሩ ያበቃ መሰለ። በቅጂ የተጀመረ ዕቃ ከዋናው የተለየ ነገር ሆኖ ወጣ ማለት ነው፤ የለወጠውም በአብዛኛው እጥረት ነው።

ታውንሴንድ ግን አልጠገበም። በ1965 የ100 ዋት አምፕ ጠየቀ፤ ከዚያም ስምንት ስፒከር በአንድ ሳጥን አሠራ። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ሲያጉረመርሙ ሳጥኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆለለ። ግድግዳ የሚያህለው የማርሻል ቁልል የመጣው እንዲህ ነው።

ፌንደር በበኩሉ በጥር 1965 ድርጅቱን ሲቢኤስ ለሚባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የአምፖቹ ፊት ከጥቁር ወደ ብርማ ተለወጠ፤ ከፊቱ ጋርም ሰርኪዩቱ ላይ አንዳንድ ነገር ተነካ። አዲሶቹ መሐንዲሶች ድምፁ እንዳይሻክር የሚረዳ መስሏቸው ጨማምረው ነበር። ተጫዋቾች አልወደዱትም። እዚህ ላይ ለጀማሪ የማያልቅ ሥራ ተፈጠረ፤ ብርማውን አምፕ ከፍቶ፣ የተጨመሩትን ጥቂት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች አውጥቶ፣ ወደ ጥቁሩ ዘመን ንድፍ መመለስ። የጠጋኞች ቋንቋ ይህን ብላክፌስ ማድረግ ይለዋል። ሥራው ቀላል ነው፣ ንድፉ በእጅ አለ፣ ዕቃውም በጊዜው ርካሽ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መበየጃ መያዝ የተማሩት አንድ ትልቅ ኩባንያ ያበላሸውን በማቃናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዘመን ጠጋኞች አንዱ ራንዳል ስሚዝ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከበሮ ይመታ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ የባንድ ጓደኛው አምፕ ሲቃጠል ጠገነለት፤ ከዚያ በርክሊ ውስጥ ፕሩን ሚዩዚክ በሚባል ሱቅ ጓሮ ጥገና ቤት ከፈተ። በ1969 በሙዚቀኛው ባሪ ሜልተን ላይ ሊቀልድ አሰበ። የሜልተንን ትንሿን ፌንደር ፕሪንስተን፣ ቤት ውስጥ ለመለማመጃ የምትሆነውን፣ አንጀቷን አውጥቶ የባስማንን ሰርኪዩትና ከባድ ትራንስፎርመሮች ከተተባት፤ ባለ አሥር ኢንቹን ስፒከር ነቅሎ ባለ አሥራ ሁለት ኢንች ጄቢኤል ገጠመላት። ከውጭ ስትታይ ያቺው ሚጢጢ ናት። ጊታረኛው ካርሎስ ሳንታና ሱቁ በር ላይ ሲሞክራት አላፊ አግዳሚው ተሰበሰበ፤ ያኔ ከአፉ ያመለጠው አድናቆት ቡጊ የሚለውን ስም ሰጠ። ስሚዝ ቆየት ብሎ የማጉያ ቲዩቦቹን አንዱን ካንዱ ኋላ አስከትሎ መደርደርን ጨመረ፤ በዝቅተኛ ድምፅም መሻከር ተቻለ። ሜሳ ቡጊ የሚባለው ድርጅት ከዚያ ቀልድ ተወልዶ በ2021 ወደ ጊብሰን እጅ ገባ።

ሁሉም እንደ ፌንደር ግልጽ አልሆነም። የካሊፎርኒያው አሌክሳንደር ደምብል በ2022 እስኪሞት ድረስ አምፕ የሚሠራው ለመረጣቸው ሰዎች ነበር፤ የሰርኪዩቱን ዋና ክፍል ደግሞ ማንም እንዳይቀዳው በሙጫ ይደፍነዋል። ዛሬ አንዱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። የሌላውን ሰው ንድፍ እያየ ያደገ ሙያተኛ የራሱን በሙጫ ሲያሽግ ነገሩ ትዝብት ላይ ይጥላል፤ ይሁንና ሙጫውን በትዕግሥት ፍቀው ውስጡን ያዩ ጠጋኞች አልጠፉም። የኒው ጀርዚው ኬን ፊሸር ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። አምፔግ ፋብሪካ ሠርቶ ከወጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ ትሬንሬክ የሚላቸውን አምፖች በቁጥር ሳይሆን በሴት ስም እየሰየመ ይሠራል፤ ለሚጠይቀው ደግሞ ያውቀዋል የተባለውን ሁሉ ይናገራል። በ2006 ሲሞት ከሠራቸው ጥቂት አምፖች ይልቅ ያስተማራቸው ሰዎች ይበዙ ነበር።

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ድምፅ አይደለም። ሞት ነው። ቲዩብ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህን ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች አምፑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይሉን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ የሚማረው በሬዚስተር ኃይሉን ማፍሰስ፣ በቴስተር ዜሮ መድረሱን ማረጋገጥ፣ በርቶ ያለ አምፕ ሲለካም አንዱን እጅ ኪስ ውስጥ ማድረግ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። የላላ ብየዳ ሲፈለግ ክፍሎቹ የሚነኩት በእንጨት ዘንግ ነው፤ የቻይና ምግብ መብያ እንጨት የብዙ ጠጋኝ መሣሪያ የሆነው ለዚህ ነው። አንድ አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይታሰርና አምፑ ይበራል፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ትራንስፎርመሩም ሳይቃጠል ይተርፋል።

የአሮጌ አምፕ ሌላው አደጋ ስፒናው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ባለ ሁለት እግር ነበሩ፤ የመሬት መስመር የላቸውም። ሻንሲውን ከመብራቱ መስመር ጋር የምታያይዝ አንዲት ካፓሲተር ነበረች፤ ጠጋኞች የሞት ካፓሲተር ይሏታል። እርሷ ሾርት ካደረገች የጊታሩ ክር ራሱ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። በታኅሣሥ 1965 ሳክራሜንቶ ላይ ኪት ሪቻርድስ ጊታሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ ተመትቶ ወድቋል፤ ተርፏል። የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በግንቦት 1972 ስዋንሲ መድረክ ላይ መሬት ያልተያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞተ። የያርድበርድስ ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍ በ1976 ቤቱ ውስጥ ጊታር ሲጫወት ኤሌክትሪክ ገደለው። ባለ ሦስት እግር ስፒና ማስገባትና ያቺን ካፓሲተር ቆርጦ መጣል የማንኛውም ጥገና መጀመሪያ የሆነው በእንዲህ ያለ ዋጋ ነው። ዕቃው እንደነበረ ይቆይልኝ የሚል ሰብሳቢ በዚህ ላይ ቢከራከር ጠጋኙ አይስማው።

ከአሜሪካ አምፕ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። ዕቃው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ተሠርቷል፤ የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ዕድለኛ ከሆነ ቀድሞ ይሄዳል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ። ቮልት መቀነሻ ቢገዛለትም ኸርዙ አይለወጥም፤ ትራንስፎርመሩ አገሩ ከለመደው ይልቅ ይግላል። እዚህ ሞንታርቦ የሚባለውን አምፕ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ቢመጣለት አይደነግጥም፤ የመብራት መቆራረጥና የቮልት መውጣት መውረድ ያስተማረው ብዙ ነገር አለ።

ትራንዚስተር ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ሲወርስ የቲዩብ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። አርሲኤ በ1976 ኒው ጀርዚ ያለውን ፋብሪካውን ዘጋ። ጊታረኛው ብቻውን ቀረ፤ ቲዩቡም ከምሥራቁ ዓለም፣ ከሩሲያ፣ ከቻይናና ከስሎቫኪያ መምጣት ጀመረ። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ ኒው ዮርካዊው ማይክ ማቲውስ በሩሲያ ሳራቶቭ ያለውን ፋብሪካ ይዞ የዓለምን የጊታር አምፕ ይመግብ ነበር። በመጋቢት 2022 ሩሲያ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ገበያው ተናወጠ፤ ዋጋ ጨመረ፣ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ጭነቱ ብዙ ሳይቆይ ቢቀጥልም፣ ትርፍ ቲዩብ በጓዳ ማስቀመጥ ልማድ የሆነባቸው ጠጋኞች ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ቆጣቢ ሆነዋል።

ሙያው ግን በዚያው ልክ ተማሪ አላጣም። በ1990ዎቹ እንደ ጄራልድ ዌበርና ኬቪን ኦኮነር ያሉ ጸሐፊዎች የድሮ አምፖችን ሰርኪዩት ለማንም እንዲገባ አድርገው ጻፉ፤ የእንግሊዙ መርሊን ብሌንካው በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ስሌቱን ጨመረበት። ዛሬ ለጀማሪ ከሚመከሩት መነሻዎች አንዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራችው የፌንደር ቻምፕ ቅጂ ናት፤ ተበታትና በካርቶን ትሸጣለች። ሦስት ቲዩብ ብቻ አላት፤ አንዱ 12ኤኤክስ7 ለመነሻ ማጉያ፣ አንዱ 6ቪ6 ለኃይል፣ አንዱ 5ዋይ3 የመብራቱን ተለዋዋጭ ሞገድ ወደ ቀጥታ ለመለወጥ። የምትሰጠው አምስት ዋት ገደማ ነው፤ ድምፅ መቆጣጠሪያዋ አንድ፣ የዜማ ማስተካከያም የላት። የመነሻ ማጉያውን ቲዩብ ነቅሎ በቦታው 12ኤዋይ7 የሰካ ጀማሪ የሃንዌል ሰዎችን ለውጥ በተገላቢጦሽ ያደርጋል፤ ድምፁ ይረጋል፣ ለመሻከር ይዘገያል። ቲዩቡን ለመቀየር መበየጃ አያስፈልግም፤ አምፑን አጥፍቶ ቲዩቡ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይበቃል።